በግንባሯ የተደፋችው አይቪ

በከተማችን ለሀብታም ሙት መልአክ ይቆምለታል፤ ለደሃ ሙት ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ ይላክበታል። ይህን ስናገር አሁንም ደሜ ይፈላል። «ረጋ በይ ማቪስ፣ ነገሩ እኮ አልፏል» የሚሉኝ ሞልተዋል። የት አልፎ! ቢያልፍማ ኖሮ በዚህ ዕድሜዬ በቦርሳዬ የአትክልት መኮትኮቻ ይዤ መቃብር ለመቃብር አልዞርም ነበር።

የስካርጊል መካነ መቃብር የተከፈተው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ኮሌራ ከተማውን ባጨደው ማግስት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሁሉ ሞልቶ፣ አዲስ ሬሳ ሊቀበር ሲቆፈር የትናንቱ እየወጣ ስላስቸገረ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው ዳር አንድ ሙሉ ኮረብታ ገዛ። ነፋሻው አናት ላይ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤቶች ተኙ። መላእክት አቆሙ፣ ዓምድ አቆሙ፣ አንዱማ በሕይወት ሳለ ቁራሽ ዳቦ የማይሰጥ ሰውዬ ነበር አሉ፣ ለራሱ ትንሽ ቤተ መንግሥት አሠራ። ውሃው ሁሉ የሚወርድበት የታችኛው አጥር ሥር ደግሞ በእነሱ ፋብሪካ የሱፍ ብናኝ እየማጉ ሲያስሉ የኖሩት ተቀበሩ። ከበሩ እስከ አናቱ ሽቅብ የወጣ ሰው ማን ለማን ይሠራ እንደነበር ማንንም ሳይጠይቅ ይገባዋል።

የእኛ ዘመዶች ከታች ናቸው። እዚያ ምንም የሌለው ያለ ስም ነው የተቀበረው። ትንሽ ያለው በዘመኑ ገንዘብ አንድ ጊኒ ይከፍልና ስሙ ድንጋይ ላይ ይቀረጻል፤ ድንጋዩ ግን የብቻው አይደለም። በአንድ ጉድጓድ የማይተዋወቁ ሰዎች ተደራርበው ይቀበራሉ፣ ስማቸውም በአንድ ድንጋይ ላይ እንደ ተማሪ በተርታ ይሰፍራል። ድንጋይ ለመቆጠብ ደግሞ ከፊት ያለው ጉድጓድና ከኋላ ያለው ጉድጓድ ጀርባ ለጀርባ አንዱን ድንጋይ ይጋራሉ። በፊቱ ዘጠኝ ስም፣ በጀርባው ዘጠኝ ስም። እንግዲህ ይህን ያዙልኝ፤ በከተማው ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ነገር ነው ማዘጋጃ ቤቱ ያላወቀው።

የአክስቴ የሄቲ ታናሽ እህት ከጀርባው ናት፤ ከዘጠኙ የመጨረሻዋ፣ ከሣሩ በላይ ትንሽ ከፍ ብላ። «አይቪ ብሮድቤንት፣ የአራት ዓመት» ይላል። ዲፍቴሪያ ጉሮሮዋን ዘግቶ ነው የሞተችው። ሴት አያቴ ያቺን አንዲት መስመር ለማስቀረጽ ሁለቱ እህትማማቾች አብረው የሚተኙበትን አልጋ ሸጠች። አክስቴ ሄቲ ከዚያ በኋላ ባል እስክታገባ ድረስ ወለል ላይ ነው ያደገችው። አንድም ቀን አላማረረችም። «አልጋዬ ስካርጊል ነው ያለው» ትላለች፣ ሲነሳባት።

የአይቪ ፎቶ የለም። ቀሚሷም፣ አሻንጉሊቷም የለም። አይቪ የምትባል ልጅ በዚህ ምድር ላይ እንደነበረች የሚመሰክሩት ያ ድንጋይና አክስቴ ብቻ ናቸው፤ አክስቴ ደግሞ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ልቧም ደክሟል፣ ዓይኗም ከብርሃንና ከጨለማ ሌላ ብዙም አይለይም። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ በአይቪ ልደት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ትሄዳለች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ታጥባለች። ከዚያ በጣቷ ታነባታለች። ዓይኗ ደህና በነበረ ጊዜም በጣቷ ነበር የምታነባት።

ያን መስከረም ወሰድኳት። ካፊያ ነበር። በታችኛው በር ገብተን ወደ አጥሩ ስንታጠፍ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለች።

«አክስቴ... ድንጋዮቹ የሉም።»

መኖሩንስ ነበሩ። ረድፉ በሙሉ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። የእኛም ድንጋይ ተኝቷል፤ ፊቱ ወደ ሰማይ፣ ጀርባው ወደ ጭቃ። አይቪ በግንባሯ ተደፍታለች።

ትንሽ ራቅ ብሎ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ወጣት አንዲት መግፊያ መሣሪያ አንዱ ድንጋይ ላይ ደግፎ ቁጥር ያነባል። ዳረን ይባላል፤ ደረቱ ላይ ተጽፏል። የአውቶቡስ ሹፌር ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ድምፄ ከመጨረሻው ወንበር ይሰማል።

«አንተ! ና ወዲህ! ይኼን ማን ነው የጣለው?»

«አልተጣለም እትዬ። በጥንቃቄ እንዲተኛ ተደርጓል» አለ እየመጣ። «በሌላ ከተማ ድንጋይ ወድቆ ልጅ ጎዳ። ስለዚህ ሁሉንም እየገፋን እንፈትሻለን፤ የተነቃነቀውን እናስተኛለን። ለእናንተው ደኅንነት ነው።»

«ይኼ ድንጋይ እስካሁን ማንን ገደለ?» አለች አክስቴ።

«እስካሁን ማንንም፣ እማማ። ግን ሊገድል ይችላል።»

«ልጄ፣ እዚህ ያሉት ሁሉ ሞተዋል።»

ዳረን ሊስቅ አለና ተወው። እኔ ወደ ኮረብታው አናት አየሁ። መላእክቱ ክንፋቸውን ዘርግተው እንደቆሙ ናቸው። አንደኛው እንዲያውም ሊወድቅ ያዘነበለ ነው፤ እሱን በብረት ደግፈው ዙሪያውን ገመድ አጥረውለታል።

«እሱስ? እሱ ሲወድቅ በላባው ነው የሚያርፍብን?»

«እነሱ ቅርስ ናቸው እትዬ። አይነኩም።»

«እኛስ?»

በእጁ ሰሌዳ ላይ ወደተቆነጠጠው ወረቀት አየ። እኛ ምን እንደሆንን ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

«እሺ፣ ከጀርባው ጽሑፍ እንዳለ አላየህም? እህቷ እኮ ከጀርባው ናት!»

«መመሪያው ‹ጽሑፉ ወደ ላይ ይሁን› ይላል» አለ። «ጽሑፉ ወደ ላይ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከዚያ ልጅ ጋር ብጨቃጨቅ ምን ላተርፍ ነው ብዬ ዞር ስል፣ አቶ ክሊፎርድ አበባውን ይዞ ከተፍ አለ። ክሊፎርድ ጡረታ የወጣ ሥጋ ሻጭ ነው። የአባቱ አባት በዚያው ድንጋይ ፊት ለፊት ላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ የመጀመሪያው ስም ነው። እሱና አክስቴ ለዓመታት በዚያ ድንጋይ ዙሪያ ሲተያዩ እንደ ሁለት ድመት ናቸው፤ እሷ ያጠበችበት ውሃ ወደ እሱ አበባ ፈሰሰ፣ የእሱ አበባ በእሷ በኩል ረገፈ፣ እንዲህ እንዲህ እየተባባሉ።

ሁኔታውን አየና ከንፈሩን መጠጠ። መምጠጡ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል እትዬ ሄቲ። ተራ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ፀሐይዋን የሞቃችሁት እናንተ ናችሁ። የኛ ወገን ወደ ሰሜን ዞሮ የድንጋይ ሽበት አበቀለ። አሁን አያቴ ትንሽ ሰማይ ቢያይ ምን አለበት?»

«ሽበቱ እዚያ በቀለ እንጂ አንተማ ጋ ምን ቦታ አለው!» አለች አክስቴ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። አንተን ሁለቱም ደርሰውብሃል። ዕድሜህን ሙሉ ሚዛን ላይ አውራ ጣትህን ጭነህ ቋሊማ የሸጥክ! የአራት ዓመት ልጅ ጭቃ ስትበላ ደስ ይልሃል?»

«ሚዛኔን አይንኩብኝ!»

«ዘወር በል ከፊቴ!»

ዳረን ሰሌዳውን አቅፎ ቀስ እያለ ሸሸ። አክስቴ ተንበርክካ ከድንጋዩ ጠርዝ ሥር ጣቶቿን ልታስገባ ሞከረች። ጭቃው አላስገባትም። ጠርሙሱን ከፈተችና ውሃውን ጠርዙ ላይ አፈሰሰች፤ ወደ ውስጥ ይደርስላት እንደሆነ ብላ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ማልቀሴ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። ሰው እንዴት ሁለት ጊዜ ይቀበራል?

አቤቱታ ጽፌ ነበርና በሳምንቱ ከማዘጋጃ ቤት ስልክ ተደወለ። ጉዳዩን ተመልክተውታል፣ በጣም አዝነዋል፣ ለአረጋዊት ሲባል ድንጋዩን ይገለብጡላታል። እኔ ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ጮቤ ረገጥኩ። «አክስቴ፣ ሊገለብጡልሽ ነው! አይቪ ወደ ላይ ልትሆን ነው!»

«ያኛው ወገንስ?» አለች።

«ያኛውማ ወደ ታች ነዋ። ክሊፎርድ ይበለው! ደግ አደረጉ!»

የጭኗን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

«አይሆንም በያቸው።»

«ምን?»

«እኔን ለማስደሰት ማንም በግንባሩ አይደፋም። ያ ሁሉ ሰው ስም የሌለው ይመስልሻል እንዴ? ለያንዳንዷ መስመር አንድ ቤት አልጋውን ሸጧል። ይቁም። ድንጋይ የሚያምርበት ሲቆም ነው። ይኼንኑ ንገሪያቸው።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ብሆን እሺ እል ነበር። ተናደድኩባት፣ ግን እንዳለችው ተናገርኩ። ስልኩን እንደዘጋሁ በሩ ተደበደበ። ክሊፎርድ ነው፤ ፊቱ የሸጠውን ጉበት መስሏል። ወሬው ከኛ ቀድሞ ደርሶታል።

«አያቴን ልታስገለብጡ ነው አሉ! ቆይ እኔ—»

«አይሆንም አልኳቸው» አለች አክስቴ ከወንበሯ።

ለጠብ የመጣ ሰው ጠቡን ሲያጣ ምን ያደርጋል? ቆቡን አወለቀ። መልሶ አደረገው። እንደገና አወለቀው።

«ለምን?» አለ።

«ተቀመጥና ሻይ ጠጣ። ማቪስ፣ ከኬኩም ቁረጪለት። በሚዛን እንዳይመስለው፣ ወፈር አድርገሽ።»

ክሊፎርድ ተቀመጠ። ኬኩን እየበላ አያቱ ሱፍ ማበጠሪያ ማሽን ክንዱን ወስዶበት እንደሞተ ነገረን። የዚያ ማሽን ባለቤት ኮረብታው አናት ላይ ነው ያለው፣ ባለ መልአክ። ይህን ሲናገር ሹካውን ሳህኑ ላይ ሁለት ጊዜ ወጋ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሄደችበት ሁሉ ጃንጥላ የሚይዝላት እሱ ሆነ።

አብረን ማዘጋጃ ቤት ሄድን። «ማቆም በጀት የለውም» አሉን። ተመልሰን ሄድን። «የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው» አሉን። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ድንጋዮቹ በተኙ በወሩ ደግሞ የሣር ማጨጃ መኪና ወጣባቸውና የሁለቱን ጠርዝ ሰበረ። አክስቴ ይህን ስትሰማ «ጋዜጠኛ ጥሩልኝ» አለች።

የሰፈራችን ጋዜጣ አንዲት ፎቶ አንሺ ላከ። አክስቴ እሑድ የምትለብሰውን ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ፣ ኮፍያዋን በመርፌ አጣብቃ ነበር የጠበቀቻት።

«ከድንጋዩ አጠገብ ይቁሙልኝ» አለች ልጅቷ።

«አልቆምም። ድንጋዩም አልቆመም» አለች አክስቴ። «ክሊፎርድ፣ ያዘኝ።»

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልተኛ ነዋ።»

«እትዬ ሄቲ፣ መሬቱ እኮ ውሃ ነው! ጉልበትዎ—»

«አይቪ ጉልበት አላት? ያዘኝ አልኩህ!»

ይዘን አስተኛናት፤ በደረቷ፣ እጆቿን ወደ ጎኖቿ አድርጋ፣ ግንባሯን እርጥብ ሣር ላይ ደፍታ። ኮፍያዋ ወደ ጎን ተንጋደደ። ፎቶ አንሺዋ ማንሳቷን ረሳች። ክሊፎርድ ትንሽ ቆሞ አየና ያን ሁሉ ሆዱን ይዞ አጠገቧ ተንጋለለ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ። «እኔ የፊቱ ገጽ ነኝ» አላት ለልጅቷ። «አንሺ እንጂ፣ ወገቤ አለቀ!»

ፎቶው በመጀመሪያው ገጽ ወጣ። ከሥሩ አክስቴ የተናገረችው ተጽፏል፤ «እህቴን እንዲህ አድርገው ነው ያስቀመጧት።» ምርጫ ደርሶ ስለነበር የማዘጋጃ ቤቱ በጀት በአንድ ሳምንት ተገኘ።

ከገና በፊት ድንጋዩ ቆመ። ድንኳን ተተከለ፣ ሻይ ተፈላ፣ ነጭ ክሬም የተቀባ ትልቅ ኬክ ቀረበ። የምክር ቤቱ አባል ወይዘሮ ጊሊያን አንገቷ ላይ ሻሽ አስራ ንግግር አደረገች። ስለ ማኅበረሰብ፣ ስለ ማዳመጥ፣ ስለ ክብር ተናገረች፤ አይቪን ግን «ኤሚ» አለቻት። ይሁን፣ ድንጋዩ ቆሟል ብለን አጨበጨብን። ዳረንም በአዲስ ሰደርያ ከጎን ቆሞ ያጨበጭባል።

አክስቴ ንግግሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። የጥርስ ብሩሿን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ ድንጋዩ ጀርባ ዞረች፤ እኔም ክንዷን ይዤ ተከተልኩ። ጣቷን ከላይኛው ስም ላይ አሳረፈች። ስምንቱንም በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ በሕይወቷ ያላየቻቸው ስምንት ሰዎች። አንድ በአንድ እየዳሰሰች ወረደች፣ እየጠራቻቸው። ስድስተኛውን ስታልፍ ጣቷ ሣር ነካ።

መልሳ ወደ ላይ ወጣች። እንደገና ወረደች። ሣር።

«ማቪስ» አለች። «አይቪ የታለች?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ድንጋዩ አጥሯል። ዳረንን በሰደርያው ይዤ አመጣሁት።

«የት ነው የቀረው?»

«የቱ?»

«የታችኞቹ ስሞች!»

«አ... እሱማ መሬት ገብቶ ነው። ሲሶው መሬት ካልገባ አይጠነክርም። መመሪያው ነው። ከንግዲህ በዝሆንም አይነቃነቅ» አለ፣ የምናመሰግነው መስሎት።

ወይዘሮ ጊሊያን የሻይ ሲኒዋን ይዛ መጣች። ነገሩን ሰማችና ለስለስ ብላ አክስቴን ትከሻዋን ያዘቻት። «እማማ፣ አብዛኛዎቹ ስሞች እኮ ይታያሉ። ትልቅ ውጤት ነው።»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! አልጋ የተሸጠላት መስመር ከሣር በታች ሆና፣ እኛ ለዚህ ስናጨበጭብ ነበር። አክስቴ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘች ሣሩን መልሳ መልሳ ትዳስሳለች።

ክሊፎርድ ከፊት በኩል ነበር። የእሱ አያት ከላይ የመጀመሪያው ስም ነውና ደህና ይታያል፤ ሄዶ ኬኩን ቢበላ ማንም ክፉ አይለውም ነበር። ዞሮ መጣ። ድንጋዩን አየ፣ የአክስቴን እጅ አየ። ወደ ድንኳኑ ሄደ፤ የኬኩን ቢላዋ አነሣ፣ ክሬሙን በሱሪው ጠረገ፣ ተመልሶ መጥቶ ተንበረከከና ቢላዋውን ሣሩ ውስጥ ሻጠ።

«ኧረ ጌታዬ! ምን እያደረጉ ነው?» አለ ዳረን።

«ሥራዬን» አለ ክሊፎርድ። ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ከሥጋ የለየ እጅ ነው፤ ሣሩን ገፎ ወደ ጎን አስቀመጠው። እኔ የሲኒ ማስቀመጫ ሳህን አንሥቼ አፈሩን መዛቅ ጀመርኩ። ለአክስቴ ካፖርቴን አነጠፍኩላት፣ ከመካከላችን ገብታ በእጇ ማውጣት ያዘች።

«እባካችሁ! ድንጋዩ ይላላል! እንደገና ማስተኛት ሊኖርብኝ ነው!»

«ሞክራትና እንተያያለን» አለ ክሊፎርድ፣ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ።

ሰባተኛው ስም ብቅ አለ። ስምንተኛውም። አክስቴ እስከ ክንዷ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ጉንጯን ድንጋዩ ላይ አስደግፋለች፤ የካፖርቷ እጅጌ ጭቃ ሆኗል። ከዚያ መቆፈሯን አቆመች። ጣቷ ከሥር ሦስቱን ፊደሎች አንድ በአንድ ሲሄድባቸው ፊቷ ላይ አየሁት።

«አለች» አለች። «አለችልኝ።»

ወይዘሮ ጊሊያን ሰው ሁሉ እንዳየን፣ ፎቶ አንሺዋም እንደመጣች ልብ አለች መሰለኝ፣ ጎንበስ ብላ እንደ ሕፃን አባበለቻት።

«እማማ፣ ስሜትዎ ይገባኛል። ግን ይህ ጉድጓድ ክፍት ሊቀር አይችልም። ሰው ይደናቀፍበታል።»

አክስቴ ቀና እንኳ አላለችም።

«ይደናቀፍ!» አለች። «ሲወድቅ ስሟን ያነባል።»